ከበሮአችንን ማሽን አልገደለውም

በጥር ወር እዚህ አገራችን አንድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። (ከላላ ማለቴ ነው፤ አዲስ አበባ የከረማችሁ "አገር" ሲባል ኢትዮጵያ በሙሉ እንዳይመስላችሁ።) ዳስ ተጥሏል፣ ጄኔሬተር ይጮኻል፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ከምሰሶው ሥር ቆመዋል፣ አንድ ወጣት ኪቦርዱን ዘርግቷል። ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ከዚያ አንድ አባት ከበሮአቸውን በብብታቸው ይዘው ብድግ አሉ። ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ በአካባቢው ሰርግ ሁሉ ሲመቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለት ሦስቴ መታ መታ እንዳደረጉ ልጁ በማይክራፎን "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከማሽኑ ጋር ይጋጭብኛልና ለጊዜው ያቆዩልን" አላቸው። በትህትና ነው ያላቸው፤ አልዋሽም። እሳቸውም ምንም አልመለሱ። ከበሮውን አግዳሚው ሥር ሸጎጥ አድርገው ቁጭ አሉ። ማሽኑም ዱም ታክ፣ ዱም ታክ ማለቱን ቀጠለ።

ይሄንን ባለፈው ሳምንት በሦስት መስመር ለጥፌው ነበር። እናንተም ተንጫጫችሁ። "ማሽን ባህላችንን ጨረሰው"፣ "ኪቦርድ ይታገድ"፣ "የነጭ ቆርቆሮ" ምናምን። አንዱ ወዳጄ እንዲያውም "ድራም ማሽን የሚባል ነገር በጉምሩክ መያዝ አለበት" ብሎ ጻፈ። መቶ ምናምን ሰው ወደደለት። እኔ ግን ከእናንተ ጋር አልስማማም። ያንን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያዘንኩትም እኔ ነኝ፤ ግን ተከሳሹን ተሳስታችኋል። ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሻይ ያላችሁ ሻይ ያዙ።

መጀመሪያ ድራም ማሽን ማለት ምን እንደሆነ እንግባባ። ብዙዎቻችሁ ማሽን ስትሉ ውስጡ የተቀዳ ከበሮ ያለበት ሳጥን ነው የሚመስላችሁ። የዛሬው ኪቦርድ እውነትም እንደዚያ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ከበሮ መታ፣ ተቀዳ፣ እኛ ቁልፍ በተጫንን ቁጥር ያችው ምት ትደገማለች። ፎቶ ነው። ጉርድ ፎቶ። የጥንቱ አናሎግ ማሽን ግን እንዲህ አልነበረም። ውስጡ ምንም የተቀዳ ነገር የለም። ድምፁን በእያንዳንዱ ምት ከኤሌክትሪክ እንደ አዲስ ይሠራዋል።

ለምሳሌ የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣውን ቲአር-808 የሚባለውን እንውሰድ። እስከ 1983 ድረስ ወደ 12,000 ገደማ ተሠርቶ ቆመ። በጊዜው ብዙ ሰው "ይሄ ከበሮ አይመስልም" ብሎ ናቀው፤ በርካሽ ተሸጠ፤ ገንዘብ የሌላቸው የኒውዮርክና የሌላው ከተማ ልጆች አሮጌውን እየገዙ ዓለምን ያስጨፈረውን ሙዚቃ ሠሩበት። ማርቪን ጌይ በ1982 ባወጣው ታዋቂ ዘፈኑ የተጠቀመው ይሄንኑ ማሽን ነው።

ታዲያ ድምፁን እንዴት ነው የሚሠራው? ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች ይሄ ለእናንተ ነው፤ በፈተና አይመጣም፣ አትፍሩ።

የትምህርት ቤታችንን ደወል አስታውሱ። የመኪና ቸርኬ ነው፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ። ዘበኛው በብረት አንዴ ሲመታው "ጓንንን" ይልና ቀስ እያለ ይሞታል። ምቱ የቅጽበት ነው፤ ድምፁ ግን የቸርኬው ነው። የ808 ትልቁ ከበሮም እንደዚሁ ነው። ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር ከአንድ ማጉያ ጋር ተያይዘው ልክ ሊርገበገቡ ጫፍ ላይ እንዲቆሙ ተደርገዋል። ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አጭር የኤሌክትሪክ ምት ሲደርሳቸው በሰከንድ ወደ 50 ጊዜ ያህል ይወዛወዙና ቀስ በቀስ ይበርዳሉ። ያ ውዝዋዜ ስፒከር ላይ ሲደርስ ደረታችሁን የሚመታው "ዱምምም" እሱ ነው። ቶሎ እንዲሞት ወይም እንዲቆይ የምታደርጉበት ቁልፍ አለው። ቆዳ የለም፣ እንጨት የለም፤ ግን የተመታ ነገር የሚያደርገውን ያደርጋል።

ስኔሩስ? ማታ ሬዲዮ ስትፈልጉ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ "ሽሽሽሽ" የሚለውን ታውቁታላችሁ። ያ ሽሽታ ውስጥ ሁሉም ድግግሞሽ አለ። ማሽኑ ከትራንዚስተር ያንን ሽሽታ ያወጣና በጣም አጭር አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ከሥሩ ደግሞ ሁለት አጫጭር ውዝዋዜ ይጨምርለታል። ለምን ሁለት ካላችሁ፣ የተወጠረ ቆዳ እንደ ክራር ክር አይደለም። ክር ሲመታ ድምፆቹ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እያሉ ተስማምተው ይወጣሉ። ክብ ቆዳ ግን ከዋናው ድምፅ ጋር 1.59 እጥፍ፣ 2.14 እጥፍ የሆኑ የማይስማሙ ድምፆችን አብሮ ያወጣል። ለዚህ ነው ከበሮን "ይሄ ዶ ነው፣ ይሄ ሬ ነው" ብላችሁ በቀላሉ የማትዘፍኑት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጭብጨባው ነው። አሥር ሴቶች አብረው ሲያጨበጭቡ ስሙ። "ጧ" አይደለም፤ "ጠጠጧ" ነው። ማንም ከማንም ጋር በትክክል እኩል አያጨበጭብም፤ በሰከንድ መቶኛ ይቀዳደማሉ። ያ መቀዳደም ነው ብዙ ሰው መሆናቸውን ጆሮ የሚያሳውቀው። የ808 ጭብጨባ ሽሽታዋን አንዴ ብቻ አይለቃትም፤ ተቀራርበው በሚከተሉ ጥቂት ፍንዳታዎች ይለቃትና ከኋላ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ የሚመስል ጭራ ይቀጥልላታል። እኔ ይሄንን ሳነብ አያቴ ቤት የነበረው ሰርግ ትዝ አለኝ። ጃፓን ያለ መሐንዲስ ጭብጨባን ከእኔ በላይ አዳምጦታል። አፈርኩ፤ እውነቴን ነው።

እንግዲህ ነገሬ ይሄ ነው። ያንን ማሽን የሠራ ሰው ከበሮን ንቆ አይደለም የሠራው። ቁጭ ብሎ "ከበሮ ሲመታ ምንድነው የሚሆነው?" ብሎ ጠይቆ ነው። እኛ፣ የከበሮ ባለቤት ነን የምንለው፣ ይሄንን ጥያቄ ጠይቀን እናውቃለን ወይ?

ከበሮአችን ራሱ እኮ የታሰበበት መሣሪያ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ እዩት። አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው አፉ ጠባብ ነው፤ ሰፊው ወፍራሙን፣ ጠባቡ ቀጭኑን ይናገራል። ሊቃውንቱ ለጠፍሩ ሳይቀር ትርጉም ሰጥተውታል፤ ከጌታ ግርፋት ጋር ያያይዙታል። ወዲህ ደግሞ የመንዙማው ድቤ አለ። ሌሊት ሀድራ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ድቤው ብቻውን አይደለም፣ ከሥሩ ጭብጨባው አለ፣ ከጭብጨባው ሥር የሰው ትንፋሽ አለ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከሩቅ ቢሰማ የማኅሌት ይሁን የመንዙማ ይሁን የሰርግ ለይቶ ይነግራችኋል፤ ዜማው ሳይደርሰው፣ ከምቱ ብቻ። ክረምት ሲሆን ደግሞ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይለግማል፤ ድምፁ ይወርዳል፤ እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ይሄ ምንድነው? ድምፅ መቅረጽ ነው! ቁልፍ ስለሌለው ነው እንጂ እሳቱ እኮ ማስተካከያ ነው።

አሁን ወደ ወንጀሉ ልምጣ። ኪቦርዱ ውስጥ "ከበሮ" የሚል አንድ ድምፅ አለ። አንድ! እሱው ድምፅ የጎንደር ነው፣ እሱው የጎጃም ነው፣ እሱው የወሎ ነው፣ እሱው የሸዋ ነው። በቴሌግራም "ኦሪጅናል የኢትዮጵያ ከበሮ" እየተባለ የሚዞረውን አውርዳችሁ ስሙት። ንጹህ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ከየትም አይደለም። የመንዙማ ዘፋኙም ያንኑ ይጭናል፣ የመዝሙሩ አቀናባሪም ያንኑ ይጭናል፣ የሰርጉም ልጅ ያንኑ። ከዚያ "ባህላዊ ቅንብር" ተብሎ ይጻፍበታል። እኔ የምቃወመው ይሄንን ነው። ማሽን መጠቀሙን አይደለም፤ ማሽኑን ሳይነኩ መጠቀሙን ነው። ዝግጁ ድምፅ ጭኖ "አቀናበርኩ" ማለት ሱቅ የተገዛ ሽሮ በጥብጦ "እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት" እንደማለት ነው። በጥብጠሃል፤ አላዘጋጀህም።

"ማሽን የእኛን ምት አይችልም፣ ማሽን የፈረንጅ አራት አራት ብቻ ነው የሚያውቀው" የምትሉም አላችሁ። ይሄም ስህተት ነው። ያ የ1980ው ማሽን እንኳ 16 ቁልፍ ተደርድሮበት ሳለ በሦስት በሦስት የሚከፈል ምት የሚመረጥበት መቀየሪያ ነበረው። ችክችካችንን በስድስት ስምንትም ቁጠሩት በአሥራ ሁለት፣ ገብቶ ይቀመጣል። አሁን ስልካችሁ ላይ ባለ ነፃ መተግበሪያም ይሆናል። የማይሆነው ከፍታችሁ ሳትመርጡ ስትቀሩ ነው።

ደግሞ ታሪካችንን አትርሱ። ኃይሉ መርጊያን ታውቁታላችሁ፤ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት የተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄዶ ተበተነ፤ እሱም እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ ስቱዲዮ ገብቶ በልጅነቱ የለመደውን አኮርዲዮን አነሣ። ከበሮ መቺ አጠገቡ የለም። ባንድ የለም። ያለው ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ነው። በዚያ "ሸሞንሟናዬ" የሚባለውን ካሴት ሠራ። ቆየት ብሎ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ካሴቱም ተረሳ። በ2013 አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን እዚህ አገራችን አግኝቶ እንደገና ሲያሳትመው ዓለም ጉድ አለ፤ ሰውዬው ወደ መድረክ ተመለሰ። ስሙት እስቲ። ማሽኑ ከበሮ አስመስሎ አያታልላችሁም፤ "እኔ ማሽን ነኝ" ይላል፤ አኮርዲዮኑ ደግሞ "እኔ ሐበሻ ነኝ" ይላል። ሁለቱ ተከባብረው ይሄዳሉ። ያ ካሴት ባህል ገደለ የሚል አለ? እኔ የምሰማው የናፈቀ ሰው ነው።

ከኛ ዘመን ደግሞ እንደገና ሙሉ አለ፣ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው፤ ሚካኤል ሰይፉ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 "ዘላለም" የሚል ሥራ በውጭ አሳታሚ ያወጣው። ሮፍናን በ2018 "ነጸብራቅ"ን ሲያወጣ ስንት ወጣት እንዳበደ ታስታውሳላችሁ። ሁሉም ሥራቸው ይጥመኛል አልልም፤ አንዳንዱ ራስ ምታት ነው (ተማሪዎቼ ይቅርታ)። ግን ማንም "ማሽን ስለሆነ ነው" ብሎ ሊያጣጥላቸው አይችልም፤ ድምፁን ነክተውታል፣ ጠምዝዘውታል፣ ለፍተውበታል።

ደቡብ አፍሪካ ያሉትንም እዩ። አማፒያኖ ላይ "ሎግ ድራም" የሚሉት ያ የሚያገሳ ቤዝ፣ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ከሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ካለ ዝግጁ ድምፅ የመጣ ነው። "ዝግጁ ድምፅ አትጫኑ ብለህ አልነበረም እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። ብያለሁ። ልጆቹ ግን ጭነው አልተዉትም። እንጨት ከበሮ እንዲመስል የተቀመጠውን ድምፅ ወደ ታች አወረዱት፣ አጎበጡት፣ አሰከሩት፤ በመጨረሻ የዓለም ሰው ሲሰማው "ደቡብ አፍሪካ!" ይላል። የእኛ ከበሮ ከኪቦርድ ሲወጣ "ከላላ!" የሚል ማን ነው? ማንም።

ማሽኑ ካልሆነ ታዲያ ከበሮ መቺውን ማን አስቀመጠው? ገንዘብ አንዱ ነው፤ ይሄን በፍጥነት ልለፈው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የከተማውን የምሽት ሙዚቃ አንቆት ነበር፤ ካሴቱም ሸክላውን ተካው፤ አምስት ስድስት ሰው ያለው ባንድ መቅጠር እየከበደ ሲመጣ አንድ ሰው ከአንድ ኪቦርድ ጋር ርካሽ ሆነ። ልጁን ለመዳር ጥጃ የሸጠ አባት ላይ አልፈርድም። ቢፈርድበትም ደስ አይለኝም።

ሁለተኛው ተጠያቂ ግን እኔ ነኝ። ይሄንን ለመጻፍ ነው ሳምንቱን ሙሉ የቆየሁት።

ያ ሰርግ ላይ ኪቦርድ የያዘው ልጅ ተማሪዬ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል እያለ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣና "ቲቸር፣ ይሄን ይስሙልኝ" አለኝ። የሰማሁት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ማንም ሳያስተምረው፣ በስልክ መተግበሪያ፣ ከባዶ ውዝዋዜ ተነሥቶ ከበሮ ሠርቷል። ወፍራሙ ምት ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወድቃል፤ እጅ ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው "ጠፍ" ሳይቀር በትንሽ ሽሽታ አስገብቶታል። ድምፁ ልክ ከበሮ አልነበረም። ግን ወደ ከበሮ እየሄደ ነበር። እኔ ምን አልኩት? ክበቡ ሙሉ ተሰብስቦ ባለበት "ይሄ ከበሮ አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው፤ የአያቶችህን ባህል አታበላሽ" አልኩት። ሳቁበት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ክበቡ ላይ አልመጣም፤ እኔም ለምን ቀረህ ብዬ አልጠየቅሁም።

ሰርጉ ሲያልቅ ጠጋ ብዬ "እነዚያን የራስህን ድምፆች አሁንም ትሠራለህ?" አልኩት። እያጎነበሰ ገመዱን ይጠቀልል ነበር። "ኧረ ቲቸር፣ እርስዎ ቆርቆሮ ነው ያሉኝ ጊዜ አጠፋኋቸው። አሁን ኦሪጅናሉን ገዝቼ ነው የምጫወተው" አለኝ። ቂም ይዞ አይደለም፤ እንዲያውም ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው የነገረኝ። ኦሪጅናሉን!

እንግዲህ አስቡት። እኔ፣ "ባህል ጠባቂው"፣ ከበሮ ማዳመጥ የጀመረ አንድ ልጅ ነበረኝ። ጆሮውን ዘግቼ ወደ ኪቦርዱ ዝግጁ ድምፅ ላክሁት። ያ ዝግጁ ድምፅ ደግሞ ሽማግሌውን ቁጭ አደረጋቸው። "ማሽን ይታገድ" ስትሉኝ እኔ የምሰማው የራሴን ንግግር ነው፤ ለዚህ ነው የተናደድኩት። የናንተም ኮሜንት አንድ ቦታ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስልኩ ላይ ያነበዋል።

"ይጋጭብኛል" ያለው ነገርም ቢሆን መልስ አለው። እውነቱን ነው፣ ይጋጫል። ለምን? አንደኛ፣ ሽማግሌው ጭፈራው ሲግል ይፈጥናሉ፣ ሲበርድ ይዘገያሉ፤ ማሽኑ ግን በጀመረበት ፍጥነት እስከ ጠዋት ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የኪቦርዱ ከበሮና የሳቸው ከበሮ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚናገሩት፤ ሁለት ሰው እኩል ሲያወራ እንደማለት ነው። መፍትሔው ምን ይመስላችኋል? ጉምሩክ? ሁለት ቁልፍ ነው። አንዱ የፍጥነቱ ቁልፍ ነው፤ በግራ እጅ እየነካኩ ሽማግሌውን መከተል ይቻላል፤ እሳቸው ይምሩ፣ ማሽኑ ይከተል። ሌላው፣ የኪቦርዱን ከበሮ አጥፍቶ ከሥር የሚያጉረመርም ወፍራም ምት ብቻ ማስቀረት ነው። እሳቸው ከላይ ይናገሩ። ትንሽ ልምምድ ይጠይቃል፤ ግን ማንም ልጁን አላስተማረውም። አስተማሪው ሲስቅበት ነበር።

"ታዲያ እውነተኛው ከበሮ እያለ ለምን በኤሌክትሪክ እንለፋለን?" የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነተኛውን ምቱ! ማን ከለከላችሁ? ኮሜንት ላይ ከጮኻችሁት ውስጥ ከበሮ ቤቱ ያለው ስንቱ ነው? በኤሌክትሪክ መሥራቱ ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ እሱን ሞክሬ ነው ያወቅሁት። ከሰርጉ በኋላ እኔም ያንን መተግበሪያ ጫንኩት። ወፍራሙን አፍ ለመሥራት ስቀመጥ መጀመሪያ ያወቅሁት ከበሮን አለማወቄን ነው። ሲመታ ድምፁ ከላይ ነው የሚጀምረው ወይስ ከታች? ስንት ጊዜ ይቆያል? መዳፍ እና ጣት ልዩነታቸው ምንድነው? መሐሉንና ጠርዙን ሲመቱት ምን ይቀየራል? ሠላሳ ምናምን ዓመቴ ነው፣ ሕይወቴን ሙሉ ከበሮ ስሰማ ኖሬአለሁ፣ መልስ አልነበረኝም። ተነሥቼ ጎረቤት ሄጄ ከበሮ ተውሼ መታሁ፤ ሰማሁ፤ ተመልሼ ቁልፉን አዞርኩ። ከዚያ እንደገና። ወደ ሦስት ሌሊት። ቀጭኑ አፍ እስካሁን አልሆነልኝም፤ ሁለተኛውን ውዝዋዜ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ሳደርገው ትንሽ ቆዳ ቆዳ ይላል፣ ግን ያችን "ጠ" አላገኘኋትም። ባለቤቴ "ይሄ ሰውዬ አበደ" ብላለች።

ማሽኑ ከበሮን አልተካልኝም። ከበሮን እንድሰማ አስገደደኝ። ዝግጁውን ድምፅ ብጭን ኖሮ አንዱንም ጥያቄ አልጠይቅም ነበር። ለዚህ ነው ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ "ማሽን" ብላችሁ ስትረግሙ የማልስማማው። ክራር ላይ ማጉያ ሲገጠም፣ ማሲንቆ በማይክራፎን ሲጮኽ ማንም ሙሾ አላወረደም። ነጋሪትም ቢሆን አዋጅ መጎሰሙን ካቆመ ቆየ፤ ስሙ ጋዜጣ ላይ ቀርቷል። መሣሪያ ይለወጣል። የማይመለሰው የጠፋ ጆሮ ነው።

ልጁን ማክሰኞ ዕለት አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። አፍሮ መሬት መሬት አየ፤ "ኧረ ቲቸር፣ ምንም አይደል" አለ። ምንም እንዳልሆነ ግን አላመንኩትም። ሽማግሌውንም ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። ስለ ማሽን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰምተው "ታዲያ እሱ ማሽን ከበሮ መማር ይፈልጋል?" አሉኝ። "አዎ አባባ፣ ልጁም ማሽኑም" አልኳቸው። ሳቁ። ከበሮአቸው ከሰርጉ ወዲህ አልተመታም፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቆዳው ስለላላ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይውላል ብለዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት እሳቸው ቤት እንገናኛለን። ልጁ ስልኩንና አንድ ስፒከር ይዞ ይመጣል። አንድ በአንድ ይመቱለታል፤ ሰፊውን አፍ፣ ጠባቡን አፍ፣ የመዳፉን፣ የጣቱን፣ የሰርጉን፣ የመንዙማውን። እሱ ከባዶ ይሠራዋል፤ እሳቸው "አይደለም" እያሉ ያርሙታል። ከላላ ያላችሁ መምጣት ትችላላችሁ። መካነ ሰላም፣ ወግዲ፣ ጃማ ያላችሁም ድቤ የሚመታ ሰው ካወቃችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የናንተ አካባቢ ምት ከኛ በምን እንደሚለይ ማወቅ እፈልጋለሁ። ኮሜንት ላይ "ይታገድ" የምትሉ ደግሞ ከቻላችሁ አንድ አንድ ከበሮ ይዛችሁ ኑ፤ እኔ ያለኝ የተዋስኩት ነው፣ ባለቤቱም መልስልኝ ብሎኛል።

መብራት ካለ ማለቴ ነው። ከሌለም ከበሮው አለ።